ሴፕሲስን በድንገተኛ ክፍል ቀድሞ ለመለየት፦ የትኛው የደም ምርመራ ለየትኛው ጥያቄ?

ሴፕሲስ በተለምዶ «የደም መመረዝ» ወይም «የደም ኢንፌክሽን» እየተባለ ይጠራል፤ ሁለቱም ስያሜዎች ግን ሕመሙን በትክክል አይገልጹትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ መሠረት ሴፕሲስ የሚባለው ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከሥርዐት ወጥቶ የራሱን የአካል ክፍሎች ሲጎዳና ሕይወትን ለአደጋ ሲዳርግ ነው። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ኢንፌክሽን አለ ወይ? የአካል ክፍሎችስ መጎዳት ጀምረዋል ወይ? ሁለቱንም በአንድ ጊዜና በአስተማማኝ ሁኔታ የሚመልስ አንድም የደም ምርመራ ስለሌለ፣ «የትኛው ምርመራ ይሻላል?» ብሎ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የትኛውን ጥያቄ ሊያስመልስ እንደፈለገ መወሰን አለበት።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ እንዲሁም ውስን በሆነ በጀት ምን እንደሚገዙ ለሚወስኑ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ነው። የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ አኃዝ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና ከእነርሱም ውስጥ 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የተሸከሙትም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆነ አገሮች ናቸው።

ንጽጽሩን ተጨባጭ ለማድረግ አንዲት ሕመምተኛ በምሳሌነት እናስብ። የ58 ዓመት እናት ናቸው፤ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጆቻቸው ደግፈው ያመጧቸዋል። ሙቀታቸው 36.4፣ የደም ግፊታቸው 118 በ70፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ 26 ነው። ልጃቸው «ከማታ ጀምሮ ንግግራቸው ይምታታል» ትላለች። ትኩሳት የለም፣ ግፊቱም አልወረደም፤ ስለዚህ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ «ይጠብቁ» ሊባሉ የሚችሉ ሰው ናቸው።

ላክቴት፦ የመጀመሪያው ምርጫ

ላክቴት (ላክቲክ አሲድ) ሕዋሳት ስኳርን ወደ ኃይል ሲለውጡ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ በደም ውስጥ እንደሚገኝ ከታወቀ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ዮሴፍ ሼረር እ.ኤ.አ. በ1843 ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ትኩሳት ከሞቱ ሴቶች ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ማግኘቱን ጽፏል። ዛሬ የምናውቀው ደግሞ ላክቴት የሚጨምረው ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን ሲያጡ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰውነት በከባድ ጭንቀት ላይ ሆኖ አድሬናሊን ሲያመነጭም ይጨምራል፤ ጉበት ማጣራት ሲያቅተውም ይከማቻል። ለዚህ ነው የደም ግፊቱ ገና ባልወረደ ሕመምተኛ ላይ እንኳ አደጋውን አስቀድሞ ሊያሳይ የሚችለው። እኚያ እናት ላክቴታቸው በሊትር 4.3 ሚሊሞል ቢወጣ፣ የደም ግፊት መለኪያው ያላየውን ነገር ላክቴቱ አይቶታል ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ በ2021 እትሙ ሴፕሲስ በተጠረጠረባቸው ዐዋቂዎች ላይ ላክቴት እንዲለካ ይመክራል። በቂ ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላም የደም ግፊትን ለማቆየት መድኃኒት የሚያስፈልገውና ላክቴቱ ከ2 በላይ የሆነ ሕመምተኛ የሴፕሲስ ሾክ ውስጥ ነው የሚባለው፤ ትርጓሜው በወጣበት ጥናት የእነዚህ ሕመምተኞች የሆስፒታል ሞት ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ ላክቴት የሕመሙን ክብደት የሚናገር ምርመራ ነው። ስለ መንስኤው ግን ምንም አይናገርም። የሚጥል በሽታ የተነሳበት፣ ለአስም ብዙ ሳልቡታሞል የወሰደ፣ ብዙ አልኮል የጠጣ፣ የጉበት ሕመም ወይም የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ያለበት ሰው ሁሉ ላክቴቱ ሊጨምር ይችላል። የእኚያ እናት ሜትፎርሚንም፣ በተለይ ኩላሊታቸው ከደከመ፣ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ በሌሊት የመጣ 4.3 «በመድኃኒቱ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ሌላው ምክንያት ሊታመን የሚገባው ሴፕሲስ ከተፈለገና ከታከመ በኋላ ነው። በተቃራኒው ላክቴቱ መደበኛ መሆኑም ሴፕሲስ የለም ለማለት አይበቃም።

የላክቴት ትልቁ ድካም ያለው በአወሳሰዱ ላይ ነው። በቱቦ ውስጥ ያሉት ቀይ የደም ሕዋሳት ስኳር መጠቀማቸውን ስለማያቆሙ፣ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ በቆየ ቁጥር ላክቴት ከፍ ይላል። ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ መጠቀም፣ በበረዶ ላይ ማስቀመጥና በ15 ደቂቃ ውስጥ ወደ ላቦራቶሪ ማድረስ ይህን ይቀንሳል። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ወይም ሕመምተኛው ጨብጥ ፍታ እየተባለ የተወሰደ ደምም ውጤቱን ያዛባል። ራሱ ላክቴት ያለበት «ሪንገር ላክቴት» የተባለው ፈሳሽ በደም ሥር እየተሰጠ ከሆነ ደሙ ከሌላው ክንድ ይወሰድ። በአልጋው አጠገብ በአንድ ጠብታ ደም የሚሠራው ትንሹ መለኪያ ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን ያስቀራል፤ ላቦራቶሪው ሩቅ በሆነበት ሆስፒታል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ላክቴት ከፍ ብሎ ሲገኝ ምን ይደረጋል የሚለው ደግሞ ለአፍሪካ ሐኪሞች ተራ ጥያቄ አይደለም። ዓለም አቀፉ መመሪያ ለሾክ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ በኪሎ ቢያንስ 30 ሚሊሊትር ፈሳሽ ይላል። ይሁን እንጂ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2011 የወጣው ጥናት በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። በሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ በዐዋቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣው ጥናትም ብዙ ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት ያካተተው የሕክምና ሥርዐት የሆስፒታል ሞትን ከ33.0 ወደ 48.1 በመቶ ከፍ ማድረጉን አሳይቷል። የመተንፈሻ መሣሪያና የቅርብ ክትትል በሌለበት ቦታ ከፍተኛ ላክቴት «አሁኑኑ እየው፣ ከዐይንህ አታርቀው» የሚል ትእዛዝ ነው እንጂ «ፈሳሽ ጨምር» የሚል ብቻ አይደለም።

መለኪያው ጨርሶ ከሌለ፣ የሕመምተኛውን ጣት ለ10 ሰከንድ አጥብቆ ተጭኖ በመልቀቅ ቀለሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ማየት ይቻላል፤ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የደም ዝውውሩ ተዳክሟል ማለት ነው። በደቡብ አሜሪካ በ424 የሴፕሲስ ሾክ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2019 በወጣው ጥናት፣ ሕክምናቸው በዚህ ዘዴ ከተመራው ሰዎች በ28 ቀን ውስጥ 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመራው ደግሞ 43.4 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ የመጨረሻውን ማረጋገጫ ባያገኝም፣ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ከላክቴት እንዳላነሰ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

በእጃችን ያሉት ርካሽ ምርመራዎች

ስለ አዳዲስ ምርመራዎች ሲወራ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው ክሪያቲኒን፣ የጉበትን የሚያሳየው ቢሊሩቢንና ደም እንዲረጋ የሚረዱት የፕላትሌቶች ቁጥር ይረሳሉ። የሴፕሲስን ትርጓሜ የተሸከሙት ግን እነዚሁ ናቸው። ፕላትሌት ከ100,000 በታች መውረዱ፣ ክሪያቲኒን ወይም ቢሊሩቢን 2.0 ሚሊግራም በዴሲሊትር መድረሱ እያንዳንዱ ለብቻው፣ አዲስ ለውጥ ከሆነና ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ፣ ሴፕሲስ ለመባል የሚያበቃ የአካል ክፍል ጉዳት ነው። ላክቴት ለመግዛት በጀት የሌለው ሆስፒታል እነዚህን ሦስቱን ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ ከቻለ፣ ውድ መሣሪያ ገዝቶ ቀን ቀን ብቻ ከሚያሠራው ሆስፒታል የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል። የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥር ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች መሆኑ ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ ይሁንና ብዙ የሴፕሲስ ሕመምተኞች በመካከሉ ስለሚገኙ መደበኛ ቁጥር አያረጋጋም።

በአገራችን ትኩሳት ላለበት ሰው ሁሉ የሚታዘዘው ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቀድሞ የታመመ ሰው ጸረ እንግዳ አካላቱ በደሙ ውስጥ ስለሚቆዩ፣ አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል የዛሬውን ሕመም አይናገርም፤ ይባስ ብሎ «ታይፎይድ ነው» የሚል መልስ ሰጥቶ እውነተኛውን ፍለጋ ያስቆማል።

ሲ.አር.ፒ ወይስ ፕሮካልሲቶኒን?

እነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም «የባክቴሪያ ኢንፌክሽን አለ ወይ?» የሚለውን ለመመለስ የሚሞክሩ ናቸው። ሲ.አር.ፒ (ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን) እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘ፣ ጉበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ኢንፌክሽኑ ከጀመረ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መጨመር ይጀምርና ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በሁለተኛው ቀን ገደማ ነው። ርካሽ ነው፣ ከጣት በሚወሰድ ደም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ መሣሪያም አለው። ችግሩ ለሁሉም ነገር መጮኹ ነው፤ ቫይረስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና፣ ቃጠሎ፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ በከባድ ኢንፌክሽን ውስጥ ሆኖም ሲ.አር.ፒው ላይጨምር ይችላል። ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሰዓት የሆነው ሰው ሲ.አር.ፒ ዝቅተኛ መሆኑን አይቶ ወደ ቤት መላክ ከሁሉ የከፋው የአጠቃቀም ስሕተት ነው።

ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ሌላው የደም ፕሮቲን ከባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጋር ያለው ግንኙነት በ1993 ከታተመ ጥናት ጀምሮ ታወቀ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨምራል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ሕክምናው ከሠራም በየቀኑ በግማሽ ያህል ይወርዳል። በቫይረስ ምክንያት ብዙ ስለማይጨምር ከሲ.አር.ፒ ይልቅ ለይቶ ይናገራል። ግን እሱም የራሱ ውሸቶች አሉት፦ ከባድ አደጋ፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ቃጠሎ፣ የልብ መቆምና የኩላሊት ድካም ያለ ባክቴሪያ ከፍ ያደርጉታል፤ በአንድ ቦታ የታጠረ መግል ደግሞ ሳይነካው ሊቀር ይችላል።

ምን ያህል እንታመንበት የሚለውን በቁጥር እንየው። በ2013 የታተመ የ30 ጥናቶች ጥምር ትንተና ፕሮካልሲቶኒን ሴፕሲስ ካለባቸው 77 በመቶውን እንደሚይዝ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 79 በመቶውን በትክክል «የለባችሁም» እንደሚል አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ ድንገተኛ ክፍል ሴፕሲስ ከተጠረጠረባቸው 100 ሰዎች ውስጥ በእርግጥ የታመሙት 30 ናቸው እንበል። ምርመራው ከ30ዎቹ 23ቱን ይይዛል፣ 7ቱን ያሳልፋል። ከተቀሩት 70 ውስጥ ደግሞ 15 ያህሉን በስሕተት «አለባችሁ» ይላል። «አለ» ከተባሉት 38 ሰዎች በእውነት የታመሙት 23 ብቻ ሲሆኑ፣ «የለም» ከተባሉት 62 ውስጥ 7ቱ ሴፕሲስ እያለባቸው ነው፤ ከ9 ሰው አንዱ ማለት ነው። ከ9 ሰው አንዱን ያለ መድኃኒት ለመመለስ የሚደፍር ሐኪም አይኖርም፤ ሊኖርም አይገባም።

ስለዚህ የ2021 መመሪያ አንቲባዮቲክ ለመጀመር በፕሮካልሲቶኒን ላይ እንዳንመሠረት መምከሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሾክ ላለበት ወይም ሴፕሲስ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ለሆነ ሰው መድኃኒቱ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሾክ በሌለበትና ምርመራው ገና ባልጠራበት ደግሞ ፈጣን ማጣራት ተደርጎ፣ ጥርጣሬው ካልተወገደ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ። ሲ.አር.ፒና ፕሮካልሲቶኒን ቦታ ካላቸው በዚህ የ3 ሰዓት መስኮት ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ለሐኪሙ ግምት ተጨማሪ ክብደት ሆነው እንጂ ዳኛ ሆነው አይደለም። በአሜሪካ 14 ሆስፒታሎች 1,656 ሰዎችን አሳትፎ በ2018 የወጣው ጥናት፣ የታችኛው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን በተጠረጠረባቸው ላይ ለሐኪሞች የፕሮካልሲቶኒን ውጤትና መመሪያ መስጠቱ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ፕሮካልሲቶኒን ዋጋውን የሚከፍለው ከድንገተኛ ክፍል ከወጣ በኋላ፣ መድኃኒት መቼ ይቁም ለሚለው ጥያቄ ነው። በብሪታንያ 41 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ 2,760 ሰዎችን ያሳተፈውና በ2024 የታተመው ጥናት በየቀኑ በፕሮካልሲቶኒን የተመሩት አንቲባዮቲክ የወሰዱበት ጊዜ በ0.88 ቀን ማጠሩን፣ በሲ.አር.ፒ የተመሩት ግን ከተለመደው ሕክምና እንዳልተለዩ አረጋግጧል። መድኃኒቱን የተላመዱ ተሕዋስያን በበዙበት ዘመን አንድ ቀን ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው ምርመራው በየቀኑ ሲደገም ነው። በቂ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) በየጊዜው ማግኘት የማይችል ሆስፒታል በመግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ለመለካት ፕሮካልሲቶኒን ቢገዛ ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ አዋለው ማለት ነው።

አዳዲሶቹ

ኢንተርሊዩኪን 6 የተባለው፣ ሰውነት ሲቆጣ የሚለቀቅ መልእክተኛ ፕሮቲን ከሁሉም ቀድሞ፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨምራል፤ ይሁንና ቶሎ ስለሚወርድና ማንኛውም የሰውነት መቆጣት ስለሚያስነሳው በተራ ድንገተኛ ክፍል ለብቻው ሚዛን አይደፋም። ፕሬሴፕሲን የተባለው ሌላ የደም ፕሮቲንም ፈጣን ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ግን ስለሚጨምር፣ ሴፕሲስ ደግሞ ራሱ ኩላሊትን ስለሚያደክም፣ ማንበቡ አስቸጋሪ ነው።

ለእኔ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው የሞኖሳይት (የአንድ ዐይነት ነጭ ደም ሕዋስ) መጠን ስርጭት ልኬት ነው። በቤክማን ኩልተር የደም ቆጠራ መሣሪያ ላይ የሚሠራው ይህ ልኬት እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አግኝቷል። በኢንፌክሽን ምክንያት የሞኖሳይቶች መጠን እርስ በርስ መለያየቱን ይለካል፤ ከ20 በላይ ሲሆን ጥርጣሬ ይነሣል። ትልቁ ጥቅሙ አዲስ ናሙናም ሆነ የሐኪም ልዩ ትእዛዝ አለመፈለጉ ነው፤ ሴፕሲስን ማንም ባላሰበበት ሕመምተኛ ላይ ከተራው የደም ቆጠራ ጋር አብሮ ይመጣል። ተስማሚው መሣሪያ ላለው ላቦራቶሪ ትርፍ ነው፤ ለዚህ ብቻ ሲባል መሣሪያ መቀየር ግን አልመክርም። በአሜሪካ ፈቃድ ያገኙ፣ የነጭ ደም ሕዋሳትን ጥንካሬ የሚለኩ ወይም የዘረመል መልእክቶችን የሚያነቡ ሌሎች ምርመራዎችም አሉ፤ ራሳቸውን የቻሉ መሣሪያዎችና ውድ ካርትሪጆች ስለሚፈልጉ ከላይ ያሉት ሳይሟሉ ስለ እነርሱ መነጋገር ጊዜው አይደለም።

ሚዛኑ የሚለወጥባቸው ሁኔታዎች

ወባ ባለበት ቆላማ አካባቢ የንጽጽሩ ሚዛን ይለወጣል። የፋልሲፓረም ወባ ሲ.አር.ፒንም ፕሮካልሲቶኒንንም ከፍ ያደርጋል፤ ከባድ ወባ ላክቴትንም ይጨምራል። ስለዚህ የደም ፊልም ወይም ፈጣን የወባ ምርመራ ሳይሠራ ከእነዚህ አንዱንም መተርጎም አይቻልም። ወባ መገኘቱም ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ከባድ ወባ ያለባቸው ሕፃናት ከወባው ጋር የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ስለሚኖርባቸው አንቲባዮቲክ አብሮ ይጀመርላቸዋል።

በምጥ ላይ ያለች እናት ላክቴቷ በምጡ ብቻ ሊጨምር ይችላል፤ ሲ.አር.ፒም እንዲሁ። በጨቅላ ሕፃን ደግሞ ፕሮካልሲቶኒን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል የዐዋቂዎች መለኪያ አይሠራበትም፤ እዚህ ላይ በአንድ ቀን ልዩነት የተደገመ ሲ.አር.ፒ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ሕክምናን ለማቆም እንጂ ለማዘግየት አይደለም።

ከመግዛት በፊት

ምርጫዬን በግልጽ ላስቀምጥ። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በአልጋ አጠገብ የሚሠራ ላክቴት፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ክሪያቲኒንና የወባ ምርመራ ሌሊትም ቀንም ይኑረው። አጠቃላይ ሆስፒታል በዚህ ላይ ቢሊሩቢን፣ ሲ.አር.ፒና የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይጨምር፤ የካልቸሩ መልስ ቀናት ቢፈጅም የመድኃኒቱን ዐይነት የሚያስተካክለው እሱ ስለሆነ፣ አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ፣ ቀድሞ ይወሰድ። ፕሮካልሲቶኒን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ላለውና በየቀኑ ለመድገም ለሚችል ሪፈራል ሆስፒታል ነው።

ማንኛውም ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሰዓት ይያዝ፦ ደም ከተወሰደበት ቅጽበት አንሥቶ ውጤቱን ሐኪም እስካነበበበት ድረስ ስንት ደቂቃ አለፈ? በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሴፕሲስ ሞተ። ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቤቱ ከተላከ በኋላ ከባድ ኢንፌክሽን የሚያመለክት የደም ውጤት ወጥቶ ነበር፤ ለቤተሰቡ ግን አልደረሰም። በዓመቱ ክፍለ ግዛቲቱ ሆስፒታሎች ሁሉ የሴፕሲስ መለያ ሥርዐት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ በስሙ አወጣች፤ ከዚያ ከተሰበሰበው የ49,331 ሕመምተኞች መረጃም አንቲባዮቲክ በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመሞት ዕድል እንደሚጨምር ታየ። ያ ልጅ የተሠራለት ምርመራ ተራ የደም ቆጠራ ነበር።

ስለዚህ ላቦራቶሪው ላክቴት 4 ወይም ከዚያ በላይ ሲያገኝ በወረቀት ከመላክ በፊት በስልክ ይናገር፤ የተቀበለው ሰው ስምና ሰዓቱ በመዝገብ ይጻፍ። የእኚያ እናት የመጠየቂያ ቅጽ ላይም ደሙ የተወሰደበት ሰዓት፣ የትኛው ክንድ እንደሆነና ሜትፎርሚን መውሰዳቸው ይስፈር። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ላክቴታቸው ሲደገም የሚያነበው ተረኛ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።